ቅዱስ ማርቲን ደ ፖረስ፣ የሊማ ገዳም አገልጋይ

የላቲን ሥርዓትን የምትከተለው ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ኖቬምበር 3 ቀን የቅዱስ ማርቲን ደ ፖረስን በዓል ታከብራለች። ሥዕሉን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነጭ ቀሚስና ጥቁር ካባ የለበሰ ጠይም ወንድም በእጁ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር ውሻ፣ ድመትና አይጥ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ሥዕሉ ደስ ያሰኛል፤ ሕፃናትም ይወዱታል። ነገር ግን ያ መጥረጊያ በዚያ እጅ እንዴት እንደ ገባ ካልተነገረ፣ ሥዕሉ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ በዚህ እትም የቅዱሱን ተአምራት ከመዘርዘር ይልቅ፣ የተወለደበት ኅብረተሰብ ሰውን በምን ይመዝን እንደ ነበረና እርሱ በዚያ መካከል እንዴት እንደ ኖረ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልንተርክ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሊማ የዛሬዋ የፔሩ ዋና ከተማ ናት። የኢንካዎችን መንግሥት ያፈረሰው የስፔን ጦር መሪ ፍራንሲስኮ ፒዛሮ በ1535 በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ አጠገብ ቆረቆራት። ብዙም ሳይቆይ የስፔን ንጉሥ በደቡብ አሜሪካ የያዘውን ግዛት በእንደራሴ የሚያስተዳድርባት መናገሻ ሆነች። ከፖቶሲ ተራራ የሚቆፈረው ብር በእርሷ በኩል ወደ ስፔን ይጫን ነበር። በአብያተ ክርስቲያናቷ፣ በገዳማቷና በ1551 በተመሠረተው በቅዱስ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዋ ትኮራ ነበር። ይህን ሁሉ ክብር የሚሸከመው ትከሻ ግን የሌላ ሰው ነበር። ስፔናውያን ሕንዶች ብለው የሰየሟቸው የአገሩ ተወላጆች ግብር ይገብራሉ፤ የደጋው ሰዎችም በየተራ እየተመለመሉ ወደ ብር ማዕድን ይወርዳሉ። አፍሪካውያን ደግሞ በመርከብ እየተጫኑ በፓናማ በኩል ይመጡና በገበያ ይሸጡ ነበር። በ1614 በተደረገው ቆጠራ ከከተማይቱ 25,000 ያህል ነዋሪዎች ከ10,000 የሚበልጡት አፍሪካውያን ነበሩ።

በእነዚህ ወገኖች መካከል ለሚወለዱት ልጆች ለየብቻቸው ስም ወጣላቸው። ከስፔናዊና ከሕንድ የተወለደው ሜስቲሶ፣ ከስፔናዊና ከአፍሪካዊ የተወለደው ሙላቶ ተባለ። ስሙ እንዲሁ መጠሪያ ብቻ አልነበረም። መሣሪያ የሚታጠቀው ማን ነው፣ ሐርና ወርቅ የምትለብሰው የትኛይቱ ሴት ናት፣ በሹመት ወንበር የሚቀመጠው፣ በመሠዊያው ፊት የሚቆመው ማን ነው የሚለው ሁሉ የሚወሰነው በዚሁ ስም ነበር። ስፔናውያን የደም ንጽሕና የሚሉት ሐሳብ ነበራቸው። መጀመሪያ በአገራቸው ከአይሁድና ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡትን ከሹመትና ከማኅበራት ለማራቅ የተጠቀሙበት ነው፤ ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ደግሞ በሕንዱና በአፍሪካዊው ልጅ ላይ አዋሉት። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ሲንቅ፣ በጋብቻ ጊዜም አጥንት ሲቆጥር በኖረ አገር ያደጉት አንባቢዎቻችን ይህን ዓይነቱን ሥርዓት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያሻቸው አይመስለንም።

ማርቲን በዚህች ከተማ በ1579 ተወለደ። እናቱ አና ቬላስኬዝ ከፓናማ የመጣች፣ ከባርነት ነፃ የወጣች አፍሪካዊት ነበረች። አባቱ ዶን ኹዋን ደ ፖረስ ስፔናዊ መኳንንት ነበር። ሁለቱ በሕግ አልተጋቡም። ሕፃኑ ዲሴምበር 9 ቀን 1579 በቅዱስ ሰባስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ በጥምቀት መዝገቡ ላይ የእናቱ ስምና ነፃ የወጣች መሆኗ ተጻፈ፤ አባቱ ግን ያልታወቀ ተባለ። በቅሎ አባቷን ስትጠየቅ ፈረስ እናቷን ትጠራለች የሚል አባባል በአገራችን አለ፤ ሙላቶ የሚለው የስፔን ቃልም ከበቅሎ ስም የወጣ ነው ይባላል። የእኛይቱ በቅሎ የምትደብቀው የተናቀውን አህያ ነው። በሊማው መዝገብ ላይ የተደበቀው ግን የተከበረው አባት ነበር፤ የደበቀውም ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ አባትዬው ነው። ልጁ የእናቱን መልክ ይዞ በመወለዱ እንዳፈረበት የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ይናገራሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኹዋና የተባለች እኅቱ ተወለደች፤ አና ሁለቱን ልጆች በድህነት አሳደገች።

ዶን ኹዋን ከጊዜ በኋላ ልቡ ተመለሰ። ልጆቹን ዛሬ በኢኳዶር ወደምትገኘው ወደ ጓያኪል ወስዶ ልጆቼ ናቸው ብሎ በዘመዶቹ ፊት አቀረባቸው፤ ማርቲንም በዚያ ማንበብና መጻፍ ተማረ። በኋላ አባት በፓናማ ሹመት ሲሰጠው ማርቲን ወደ ሊማ ወደ እናቱ ተመለሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። አባቱ ስሙን ሰጠው፤ ደረጃውን ሊሰጠው ግን አልቻለም። የመኳንንት ልጅ መሆኑ በይፋ ቢታወቅም በከተማይቱ ሕግ ፊት ያው ሙላቶ ነበር።

በ12 ዓመቱ ግድም ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። በዚያ ዘመን ፀጉር አስተካካይ ማለት ምላጭና መቀስ የያዘ ሰው ብቻ አልነበረም። ደም ያወጣል፣ ቁስል ያጥባል፣ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ ጥርስ ይነቅላል፤ ወጌሻና ዋግምተኛ፣ መድኃኒት ቀማሚም ጭምር ነበር። በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሐኪሞች ጥቂቶችና ዋጋቸው ውድ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ የሚታከመው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ሙያው የእጅ ሥራ በመሆኑ የስፔን መኳንንት ይንቁታል፤ ስለዚህም ለአፍሪካውያን ልጆች ክፍት ሆኖ ከቀሩት ጥቂት በሮች አንዱ ሆነ። ልጁ ደግሞ እጁ ለሥራው የተፈጠረ ነበር። የአውሮፓውን የቁስል አያያዝ ከጌታው ተማረ፤ የአገሩን ዕፀዋትም አወቀ። በዚያው ቢቀጥል ኖሮ የራሱን ሱቅ ከፍቶ፣ እናቱንና እኅቱን ጦሮ፣ ለአንድ ሙላቶ በተፈቀደለት መጠን ኑሮውን አሻሽሎ በክብር መኖር ይችል ነበር። ይህን ማንም አይነቅፍበትም፤ እኛም አንነቅፈውም። በዘመናችን ስንቱ ወላጅ ልጁ ይህን ያህል ቢደርስለት ደስ ይለው ነበር!

ሌሊቱን ግን ማርቲን የሚያሳልፈው በጸሎት ነበር። ያከራየችው ሴት የሻማ ቁራጭ እየለመነ ሲወስድባት ምን እንደሚያደርግበት ለማየት አጮልቃ ብትመለከት በመስቀሉ ፊት ተንበርክኮ አገኘችው ይባላል። በ15 ዓመቱ፣ በ1594 አካባቢ፣ የሊማን የዶሚኒካውያን ገዳም፣ የቅድስት መቁጠሪያ ገዳም የሚባለውን፣ በር አንኳኳ።

በሩ ግን በሙሉ አልተከፈተለትም። በፔሩ የነበረው የማኅበሩ ደንብ የሕንድ፣ የአፍሪካዊ ወይም የክልስ ዘር ያለው ሰው በመነኮሳቱ ማዕረግ እንዲገባ አይፈቅድም ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተተወለት ስፍራ ዶናዶ የሚባለው ነው፤ ራሱን ለገዳሙ የሰጠ አገልጋይ ማለት ነው። ልብሰ ምንኩስናውን የሚመስል ልብስ ይለብሳል፣ በገዳሙ ይኖራል፣ ከባዱን ሥራ ሁሉ ይሠራል፤ ቃል ኪዳን አይገባም፤ ድምፅም የለውም። ይህን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል። በሩን በግማሽ የዘጋበት አረማዊ ንጉሥ አልነበረም። ወንጌልን ሊሰብክ የተቋቋመ፣ ከመካከሉም እነ ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስን የመሰሉ የሕንዶች ጠበቆች የወጡበት ማኅበር ነው።

አባቱ ይህን በሰማ ጊዜ ተቆጣ ይባላል። የደ ፖረስ ስም የያዘ ልጅ የገዳም ሎሌ ሲሆን ማየት አሳፈረው፤ ለአለቆችም ቢያንስ ወንድም ተብሎ በማዕረግ እንዲቀመጥ ልመና አቀረበ። ማርቲን ግን የገባሁት ለማዕረግ አይደለም በሚል መንፈስ እምቢ አለ። እዚህ ላይ የዶን ኹዋንን ነገር ልብ ማለት ያሻል። ልጁ በድህነት ሲያድግ ያላፈረ ሰው፣ ስሙን ይዞ ሲጠርግ ባየው ጊዜ ክብሩ ተነካ።

እንግዲህ መጥረጊያው በዚህ ሁኔታ በእጁ ገባ። ማርቲን አዳራሹን ይጠርጋል፤ መጸዳጃውን ያጥባል፤ የመነኮሳቱን ፀጉር ያስተካክላል፤ ደወል ይደውላል፤ የልብስ ክፍሉን ይጠብቃል። ስድብም አልቀረለትም። ከጀማሪዎቹም ሆነ ከታመሙት መነኮሳት መካከል በቀለሙ፣ በእናቱ ባርነትና ያለ ጋብቻ በመወለዱ የሰደቡት ነበሩ። በዚያ ከተማ እነዚህ ነገሮች ለስድብ የተዘጋጁ ቃላት ነበሩና፣ የገዳሙ ግንብ ሊያስቀራቸው አልቻለም። እርሱም ለተሳዳቢው ይበልጥ መልካም ነገር ሲያደርግለት ይታይ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የታወቀው ታሪክ የሚከተለው ነው። ገዳሙ በዕዳ በተያዘ ጊዜ አለቃው አንዳንድ የከበሩ ዕቃዎችን አስይዞ ወይም ሸጦ ዕዳውን ሊከፍል ወደ ከተማ ወጣ። ማርቲን ይህን ሲሰማ ሮጦ ደረሰበትና፣ ዕቃውን ከመሸጥ እኔን ሽጠኝ፤ እኔ ምስኪን ሙላቶ ነኝ፣ የገዳሙም ንብረት ነኝ አለው። አለቃው ልቡ ተነክቶ መለሰው።

ስለዚህ ታሪክ ጥቂት መቆም አለብን። በየቁምስናው ስናስተምር ሰዎች ይህን የመሰለውን ትረካ በሁለት መንገድ ሲረዱት አይተናል። አንዳንዱ፣ በተለይም ደኅና ኑሮ ያለው፣ እንዲህ ነው ትሕትና፤ የቤት ሠራተኛውም፣ የቀን ሠራተኛውም ከዚህ ይማር ይላል። ሌላው ደግሞ አዝኖ፣ ይህ ሰው ራሱን ንቋል፤ የጌቶቹን ንቀት በራሱ ላይ አትሟል ይላል። ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው ይልቅ ሐቀኛ ነው ብለን እናምናለን፤ ሆኖም የታሪኩን ልብ አላገኘውም። ማርቲን በሕግ ነፃ ሰው ነበር፤ ባሪያ ሆኖ አያውቅም። ከገዳሙ ደጅ ጥቂት ርቆ ግን የእናቱ ወገኖች እንደ ዕቃ ዋጋ እየወጣላቸው ይሸጡ ነበር። አለቃውን ሽጠኝ ባለው ጊዜ፣ በዚያች ከተማ በየቀኑ የሚሆነውን፣ መነኮሳቱም በየቀኑ እያዩ የማያዩትን ነገር በአንድ በሚወዱት ሰው ገላ ላይ አሳያቸው። አለቃው ወንድሙን ሊሸጥ አልቻለም። ታዲያ በገበያው የሚሸጠው የማን ወንድም ነው? ማርቲን ይህን ጥያቄ አስቦ ተናገረ አንልም፤ ድርጊቱ ግን ጥያቄውን ትቶልናል። የተናቀ ሰው መናቁን ይቀበል ዘንድ ይህን ታሪክ ማስተማሪያ ማድረግ፣ በእኛ አስተያየት፣ ታሪኩን መገልበጥ ነው።

የገዳሙ ሰዎችም ቀስ በቀስ ይህን የተረዱ ይመስላል። ከዘጠኝ ዓመታት አገልግሎት በኋላ፣ በ1603፣ በደንቡ የተከለከለው ተፈቅዶለት የምንኩስና ቃል ኪዳን ገባ፤ ረዳት ወንድምም ሆነ። ደንቡ አልተሻረም፤ ለእርሱ ብቻ ተላለፈለት። አንድ ሰው በግል ተወዳጅነቱ ሲያልፍ በሩ ለተከታዮቹ እንደ ተዘጋ መቅረቱ በዚያን ጊዜ ብቻ የታየ ነገር አይደለም።

ዋናው ሥራው በገዳሙ ቤተ ሕሙማን ነበር። በልጅነቱ የተማረው ሙያ እዚህ ፍሬ አፈራ። ቁስል ያጥባል፣ ደም ያወጣል፣ ዕፀዋት ያፈላል፣ ሌሊቱን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ያሳልፋል። ዝናው ከግንቡ ውጭ ሲሰማ ሕሙማን በሩን ማጨናነቅ ጀመሩ። ስፔናዊው ሹምም፣ ከማሳ የመጣው ሕንድም፣ ጌታው እርጅናውን አይቶ ያሰናበተው አፍሪካዊ ባሪያም ይመጣሉ። ይህ የመጨረሻው ሊማ በብዛት የምታውቀው ጭካኔ ነበር፤ ባሪያው ለሥራ በማይሆንበት ጊዜ ነፃ ሂድ ይባላል፤ ነፃነት የተባለውም በመንገድ ዳር መሞት ነበር። ማርቲን እንዲህ ያሉትን ሰዎች እየተሸከመ ወደ ራሱ ክፍል ያስገባ፣ በራሱ አልጋም ያስተኛ ነበር።

ገዳሙ ተላላፊ በሽታ ይገባል ብሎ ስለ ፈራ አለቆቹ ከውጭ ሕሙማን እንዳያስገባ ከለከሉት። አንድ ቀን በጩቤ ተወግቶ ደሙ የሚፈስስ ሕንድ በመንገድ ወድቆ አገኘ። አንሥቶ ወደ ክፍሉ አስገባውና ቁስሉን አሠረለት። ትእዛዝ ስለ መተላለፉ ተጠርቶ ሲወቀስ፣ ስሕተቱ ይቅር እንዲባልለት ለመነ፤ አስከትሎም የፍቅር ትእዛዝ ከመታዘዝ ትእዛዝ እንደሚቀድም አላወቅሁም ነበርና አስተምሩኝ በሚል መንፈስ መለሰ። አለቃው ከዚያ በኋላ እንዳመነበት እንዲያደርግ ፈቀደለት። በትሕትና የተሸፈነ መልስ ቢሆንም፣ ይህ ሰው እምቢ ማለትን ያውቅ ነበር። የእርሱ እምቢታ ስለ ራሱ ማዕረግ አልነበረም፤ በሌላው ስቃይ ላይ ሲመጡበት ግን አለቃም ቢሆን አይበግረውም። እኅቱ ኹዋናም በገዳሙ ቦታ ላልተገኘላቸው ሕሙማን ቤቷን ትሰጠው ነበር።

ስለ ገንዘቡም እንናገር፤ የሕይወት ታሪኮች ብዙ ጊዜ ይህን ቸል ብለው ያልፉታልና። ማርቲን ራሱ ምንም አልነበረውም፤ የተጣፈ ቀሚስ ይለብስ ነበር። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ በእጁ ያልፍ ነበር። የሊማ ነጋዴዎችና ሹማምንት ምጽዋታቸውን በእርሱ በኩል መስጠትን መረጡ፤ አንዲት ሳንቲም እንደማያባክን ያውቃሉና። በቀን እስከ 160 የሚደርሱ ድኾችን ይመግብ እንደ ነበረ ይተረካል። ምግብ ማደሉ ግን አልበቃውም። ድኻን በድህነቱ አስሮ የያዘው ነገር የቱ ጋ እንደሆነ የማየት ዓይን ነበረው።

በዚያ ኅብረተሰብ አንዲት ልጃገረድ ስታገባ ከአባቷ ቤት ሀብት ይዛ መሄድ ነበረባት። በአገራችን ጥሎሽ የሚመጣው ከወንዱ ወገን ነው፤ በዚያ ግን ሸክሙ በሴቲቱ ቤተሰብ ላይ ነበር። የምትሰጠው የሌላት የድኻ ልጅ ክቡር ትዳር አታገኝም፤ ገዳም ልግባ ብትል እንኳ ገዳሙም ያንኑ ሀብት ይጠይቃታል። የቀራት በሰው ቤት ማገልገል ወይም ከዚያ የባሰው ነበር። የማርቲን እናት አና ያለ ጋብቻ ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት መሆኗን ስናስታውስ፣ ነገሩን እርሱ ከመጽሐፍ እንዳልተማረው እንረዳለን። ከባለጸጎች እየለመነ ለድኻ ልጃገረዶች ይህን የጋብቻ ሀብት ያዋጣላቸው ነበር፤ ከእነዚህም አንዷ የገዛ እኅቱ ልጅ ነበረች ይባላል። እንዲሁም ማቴዎ ፓስቶር የተባለ ነጋዴና ሚስቱ ሀብታቸውን ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ማሳደጊያ እንዲያውሉ አግባባቸው፤ የቅዱስ መስቀል ቤት ተብሎ የታወቀው ይህ ነው። ልጆቹ ከመብልና ከመጠለያ አልፈው ወደ ኑሮ የሚገቡበት መንገድ እንዲዘጋጅላቸው ይፈልግ ነበር። አንድ እንጀራ መስጠትና አንድን ሰው ከሥር መሰረቱ ማንሣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እርሱ ሁለቱንም ሠርቷል።

ከሊማ ውጭ ማኅበሩ ሊማታምቦ የሚባል እርሻ ነበረው። ማርቲን በዚያ ለሚሠሩት አፍሪካውያንና ሕንዶች ትምህርተ ክርስቶስን ያስተምር ነበር። (አዎን፣ የገዳሙ እርሻ በባሮች ይሠራ ነበር፤ ይህም የታሪኩ ክፍል ነውና አንደብቀውም።) በዚያ አካባቢ የወይራና የፍራፍሬ ዛፎችን ይተክል ነበር። ስለ ምን ቢሉ፣ ድኾች ከሰው አትክልት ሰርቀው ኃጢአትም ቅጣትም እንዳያገኛቸው፣ ከማንም ከማይከለከል ዛፍ እንዲለቅሙ ነው ይላሉ። በሥዕሉ ላይ ስለምናያቸው አይጦችም የሚነገረው ከዚህ አሳብ ብዙ አይርቅም። የገዳሙን ልብስ እየቆረጠሙ ባስቸገሩ ጊዜ መርዝ እንዲደረግባቸው አልወደደም፤ ወደ አትክልቱ ስፍራ እንዲወጡ ነግሯቸው በየቀኑ ምግባቸውን ያቀርብላቸው ነበር ይባላል። ስርቆትን የሚያስቀረው መብል ነው ብሎ ያምን ነበርና፣ አይጦቹንም በዚሁ ደንብ አስተዳደራቸው!

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የከተማይቱ ታላላቆች ምክሩን ይፈልጉ ነበር። የሜክሲኮ ሊቀ ጳጳስ ሆነው የተሾሙት አቡነ ፌሊሲያኖ ደ ላ ቬጋ በሊማ ታመው በማርቲን እጅ ስለ ዳኑ፣ ወደ ሜክሲኮ ይዘውት ሊሄዱ አሰቡ። ይህ ለአንድ የባሪያ ልጅ የማይታሰብ ከፍታ ነበር። ነገር ግን በ1639 ብርቱ ትኩሳት ያዘው። ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ ሲለብስ የኖረው ሰው በዚያን ጊዜ አዲስ ቀሚስ ለበሰ፤ የምቀበርበት ነው አለ። የንጉሡ እንደራሴ የቺንቾን መስፍን ሊጠይቁት ወደ ክፍሉ መጡ። ማርቲን በጸሎት ላይ ስለ ነበረ እንደራሴው ጥቂት ከደጅ እንዲቆዩ ሆነ ይባላል፤ ስለዚህም አለቃው ወቀሰው። በሊማ ሰው ሁሉ ከእንደራሴው ደጅ ይጠናል፤ እንደራሴው ከአንድ ሙላቶ ደጅ የጠኑት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ወንድሞቹ ጸሎተ ሃይማኖትን ሲደግሙለት፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1639 በ59 ዓመቱ ዐረፈ።

ሕዝቡ ገዳሙን አጥለቀለቀው። ከቀሚሱ ቁራጭ ለበረከት የሚወስደው ብዙ ስለ ነበረ ልብሱን ደጋግመው መለወጥ ግድ ሆነባቸው። አስከሬኑን በትከሻቸው ከተሸከሙት መካከል እንደራሴው፣ የሜክሲኮው ሊቀ ጳጳስና የንጉሡ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩበት። በማግስቱ ግን ዳኛው በችሎቱ፣ እንደራሴው በቤተ መንግሥታቸው በዚያው ሕግ መፍረዳቸውንና ማስተዳደራቸውን ቀጠሉ፤ የባሪያ ገበያውም አልተዘጋም። ቅዱስን ማክበር ቅዱሱ የተገፋበትን ሥርዓት ከመለወጥ ይልቅ ቀላል ነው።

በ1660 በሊማ ስለ ሕይወቱ ምስክርነት መሰብሰብ ተጀመረ። ያወቁት ሰዎች፣ ስፔናውያንም ጥቁሮችም፣ መነኮሳትም ምእመናንም ቀርበው መሰከሩ። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩ እጅግ ዘገየ። ር.ሊ.ጳ. ቀሌምንጦስ 13ኛ የምግባሩን ታላቅነት ያወጁት በ1763 ነው። ር.ሊ.ጳ. ግሪጎርዮስ 16ኛ በ1837 ብፁዕ ብለው ሰየሙት። እነዚሁ ጳጳስ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ ሐዋርያዊ መልእክት አወጡ። በማርቲን አገር በፔሩ ግን ባርነት በሕግ የተሻረው በ1854 ነው፤ ስለዚህ ብፁዕ ማርቲን ተብሎ በሊማ አብያተ ክርስቲያናት ሲጸለይበት በነበረ ጊዜ፣ ከሚጸልዩት መካከል የእናቱ ወገን የሆኑ ባሮችና ባለቤቶቻቸው ነበሩ። በመጨረሻም ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ ሜይ 6 ቀን 1962፣ የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቅዱስ ብለው አወጁት። ከሞተ 322 ዓመታት አልፈው ነበር።

ብዙዎች ለዚህ መዘግየት ምክንያቱ ቀለሙ ነው ይላሉ። በእርሱ የጥምቀት ቤተ ክርስቲያን በ1586 የተጠመቀችው፣ ከስፔናውያን ወላጆች የተወለደችው ቅድስት ሮዛ ዘሊማ በ1617 ዐርፋ በ1671 ቅድስናዋ መታወጁን ያነሣሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ይሁን እንጂ ሌላም ሰው እናስታውስ። በዚያችው ከተማ በሌላ የዶሚኒካውያን ገዳም በረኛ የነበረ፣ የማርቲንም ወዳጅ የሆነ ኹዋን ማሲያስ የሚባል ረዳት ወንድም ነበር። ይህ ሰው በስፔን የተወለደ ነጭ ነው፤ ነገር ግን በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ በግ ሲጠብቅ ያደገ ድኻ ነበር። በ1645 ዐረፈ፤ በ1837 ከማርቲን ጋር በአንድ ዓመት ብፁዕ ተባለ፤ ቅድስናው የታወጀው ግን ከማርቲንም ዘግይቶ፣ በር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ዘመን በ1975 ነው። ስለዚህ ቀለም ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። በረኛውና ጠራጊው፣ አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር ሆነው፣ አብረው ጠበቁ።

የሦስቱም፣ የሮዛ፣ የማርቲንና የኹዋን ማሲያስ፣ ዐፅም ዛሬ በሊማ በቅዱስ ዶሚኒክ ቤተ ክርስቲያን በአንድነት ይገኛል። ስፍራው ማርቲን በ15 ዓመቱ በሩን ያንኳኳው ያው ገዳም ነው።